«ልጄ ሙሉ ክንዱን ሊነቀስ ነው»፦ ከመርፌው በፊት ታሪኩን እንወቅ



የዛሬውን ጽሑፍ ያስጀመሩኝ እዚህ ሀዋሳ ከምሠራበት ክሊኒክ የመጡ አንዲት እናት ናቸው። ታሪካቸውን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገር ግን አላነሳም። የ21 ዓመት ልጃቸውን ይዘው ገቡ። ልጁ ምንም አላመመውም።

«ዶክተር፣ ይሄ ልጅ ከትከሻው እስከ እጅ አንጓው ድረስ ሊነቀስ ነው። ቀን ሁሉ ቆርጧል። በሞቴ፣ ጉዳቱን ነግረሽ አስቁሚልኝ» አሉኝ።

ልጁ ፈገግ አለና ወደ እናቱ ግንባር አመለከተ። «እማዬስ?» አለ። በግንባራቸው ላይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ መስቀል አለ። በአንገታቸው ዙሪያ ደግሞ እንደ ድሪ የተደረደሩ መስመሮች አሉ። እናትየው ትንሽ ዝም ብለው ቆዩ።

«እኔን ማን ጠየቀኝ? ሰባት ዓመቴ ነበር። ይዘው ነው የነቀሱኝ። ከእኔ በፊት የአክስቴን ልጅ፣ ከእኔ በኋላ እህቴን፣ በዚያችው መርፌ» አሉ።

የዛሬው ጽሑፍ ስለዚያች መርፌ ነው። ታቱን ለማስተዋወቅም ለማውገዝም አልጻፍኩትም። የሃይማኖቱን ጥያቄ ለየእምነት አባቶቻችሁ እተወዋለሁ። እንደ ሐኪም የምነግራችሁ ንቅሳት ከየት እንደመጣ፣ በመንገዱ ላይ ምን እንዳስተማረንና ክንዱን ሙሉ ለመነቀስ የሚያስብ ሰው ከመርፌው በፊት ምን ማድረግ እንዳለበት ነው።

ንቅሳት የዛሬ ነገር አይደለም

ብዙ ወላጆች ታቱን ከፊልምና ከኳስ ተጫዋቾች የመጣ ባዕድ ነገር አድርገው ያዩታል። ታሪኩ ግን በጣም ሩቅ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ የአንድ ሰው አስከሬን ተገኘ። ከሞተ 5,300 ዓመት ገደማ ሆኖታል። በሰውነቱ ላይ 61 የንቅሳት መስመሮች ተቆጥረዋል። አብዛኞቹ ያሉት ወገቡ፣ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ስለሆነ፣ ተመራማሪዎች ለሕመም ማስታገሻ የተደረጉ ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ። በግብፅም ከዚሁ ዘመን ጋር የሚቀራረብ ዕድሜ ባላቸው አስከሬኖች ላይ ንቅሳት ተገኝቷል።

ወደ ጎረቤታችን ሱዳን ስንመጣ ደግሞ፣ ከ1,300 ዓመት ገደማ በፊት የኖረች የአንዲት ክርስቲያን ሴት አስከሬን በጭኗ ውስጠኛ ክፍል የመልአኩ ሚካኤልን ስም የያዘ ንቅሳት አለው። የግብፅ ክርስቲያኖች እስከ ዛሬ በእጅ አንጓቸው ላይ መስቀል ይነቀሳሉ። ኢየሩሳሌም የሚሳለሙ ምዕመናንም የጉዟቸውን ምልክት በክንዳቸው ይዘው የመመለስ የቆየ ልማድ አላቸው።

የእናቶቻችን ንቅሳት

በእኛ አገር በተለይ በአማራና በትግራይ ገጠሮች የግንባር መስቀል፣ የአንገትና የአገጭ ንቅሳት፣ የድድ ንቅሳት ለትውልዶች ኖረዋል። የድዱን በአንዳንድ አካባቢ «ውቅራት» ይሉታል። ሀዋሳ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የሚኖርባት ከተማ ስለሆነች እነዚህን እናቶች በየሰፈራችን እናያቸዋለን። ወደ ደቡብ ኦሞ ስንወርድ ደግሞ ቆዳን በጥቂቱ እየቆረጡ ጠባሳውን ጌጥ የማድረግ ሌላ ባህል እናገኛለን።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም። መስቀሉ እምነትን ያሳያል። የአንገቱ መስመር ድሪ መግዛት ለማትችል ልጅ እንኳ የማይወልቅ ጌጥ ነው። የጠቆረ ድድ ጥርስን ነጭ ያስመስላል። ለሕክምናም ይነቀስ ነበር፦ ድድ ለሚደማና ለሚያመው ሰው ድዱን፣ እንቅርት ለሚወጣባት ሴት ደግሞ አንገቷን።

እንቅርት ላይ ትንሽ ልቁም። እንቅርት በአብዛኛው የሚመጣው ምግባችን ውስጥ የአዮዲን ንጥረ ነገር ሲያንስ ነው። የቱንም ያህል መስመር አንገት ላይ ቢነቀስ አዮዲን አይጨምርም። በአገራችን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። እናቶቻችን ሕመሙን በትክክል አይተውታል፤ መድኃኒቱ ግን በጨው እንጂ በመርፌ የሚመጣ አልነበረም።

አሠራሩን ብዙዎቻችሁ ከእናቶቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። ነቃሿ ብዙ ጊዜ ሴት ነበረች። መሣሪያዋ እሾህ ወይም አንድ ላይ የታሰሩ መርፌዎች፣ ቀለሟ ከድስት ሥር ወይም ከኩራዝ የተሰበሰበ ጥቀርሻ በቅጠል ጭማቂ የተለወሰ። ቆዳው ይወጋል፣ ጥቀርሻው ይታሻል፣ ቁስሉ ሲድን ምልክቱ ይቀራል። ድድ ሲሆን በአንድ ጊዜ ስለማይጠቁር ይደጋገማል።

ለምን አይለቅም? የላይኛው የቆዳችን ሽፋን በየጊዜው እየተላጠ ይታደሳል። መርፌው ግን ከዚያ በታች ወዳለው ሽፋን ይገባል። ሰውነታችን የገባውን ጥቀርሻ እንደ ጠላት አይቶ ይከበዋል፤ ተከላካይ ሕዋሶቻችን ይውጡታል፣ ሊያጠፉት ግን አይችሉም። አንዱ ሕዋስ ሲሞት ሌላው ይረከበዋል። ስለዚህ ንቅሳት ማለት ዕድሜ ልክ የሚቀጥል ጥበቃ ነው። አንድ ነገር ልጨምርላችሁ፦ የዛሬው የታቱ ጥቁር ቀለምም መሠረቱ ያው ጥቀርሻ፣ ማለትም ካርቦን ነው። እናትና ልጅ ያን ያህል አልተራራቁም።

መርፌዋ የተሸከመችው

በ1891 እ.ኤ.አ. ሳሙኤል ኦራይሊ የተባለ የኒው ዮርክ ነቃሽ የኤዲሰንን የኤሌክትሪክ ብዕር መነሻ አድርጎ የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ መንቀሻ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ሥራው ፈጠነ፤ ሙሉ ክንድም በቀላሉ የሚሞከር ሆነ። ነገር ግን መርፌው ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው የሚሻገርበት ፍጥነትም አብሮ ጨመረ።

በ1961 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክ ከተማ ጤና ቢሮ ንቅሳትን ከለከለ። ምክንያት አድርጎ ያቀረበው ከንቅሳት ቤቶች ጋር ተያይዞ የታየውን የጉበት በሽታ ነው። ክልከላው የተነሳው በ1997 ነበር። ልብ በሉ፤ በ1961 ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው ቫይረስ ገና አልታወቀም። ባሩክ ብሉምበርግ የተባሉ ሐኪም የቫይረሱን ምልክት በደም ውስጥ ያገኙት በ1965 ነው፤ ለዚህም በ1976 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሄፓታይተስ ሲ ደግሞ የታወቀው በ1989 ነው። ሰዎች የታመሙት በሽታው ስም ሳይኖረው ነው።

እኛ አገር «የወፍ በሽታ» ስንለው የኖርነው የዓይን ቢጫ መሆን ከብዙ ምክንያቶች ይመጣል፤ ከእነዚህ አንዱ ሄፓታይተስ ቢ ነው። የእናቶቻችን ነቃሾች ክፉ ሰዎች አልነበሩም። መርፌዋን በጨርቅ ጠርገው፣ ንጹህ መስላ ስትታያቸው ቀጣዩን ልጅ ይጠሩ ነበር። ሄፓታይተስ ቢ ግን ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን በሕይወት ይቆያል። በዓይን የማይታይ የደረቀ ደም ይበቃዋል።

ሁላችንንም የቀሰቀሰን ግን ኤችአይቪ ነው። በኢትዮጵያ ቫይረሱ በ1984 እ.ኤ.አ. በተቀመጡ የደም ናሙናዎች ውስጥ ተገኝቷል፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ታማሚዎች የታወቁት በ1986 ነው። በ1987 ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን ለማስቀረት ብሔራዊ ኮሚቴ ተቋቋመ። ከግርዛት፣ እንጥል ከመቁረጥና የወተት ጥርስ ከመንቀል ጋር ንቅሳትም ስሙ መነሳት ጀመረ። የእኔ ዕድሜ እኩዮች የትምህርት ቤቱን የፀረ ኤድስ ክበብ ታስታውሳላችሁ። «ስለታም ነገር በጋራ አንጠቀም» እያልን ምላጭ፣ መርፌ፣ ንቅሳት ብለን በቃላችን እንዘረዝር ነበር።

ያ ትምህርት ሕይወት አድኗል። አንድ ነገር ግን ጎደለው፦ ብዙዎቻችን በመርፌ የሚሻገር በሽታ ኤችአይቪ ብቻ እንደሆነ አድርገን ያዝነው። የቫይረስ ተሸካሚን ደም በነካ መርፌ በተወጉ የጤና ባለሙያዎች ላይ የተሠራው ስሌት እንዲህ ነው፦ ኤችአይቪ የሚይዘው ከ1,000 ውጊያ 3 ያህሉን ነው። ሄፓታይተስ ሲ ከ100 ወደ 2 ገደማ። ሄፓታይተስ ቢ ግን፣ ላልተከተበ ሰው፣ ከ100 ከ6 እስከ 30 ይደርሳል። በአገራችን የተሠሩ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያጠናቀረና በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ሥራ እንደሚያሳየው ደግሞ ከ100 ሰው 7 ያህሉ ሄፓታይተስ ቢ በደሙ ውስጥ አለ። አብዛኞቹ አያውቁትም፤ ለዓመታት ምንም አያማቸውም።

በ1999 ዓ.ም. የተለወጠው

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ መጣሁ። ሄፓታይተስ ቢ ክትባት አለው። በአገራችን ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ አምስት በሽታዎችን የሚከላከለው ፔንታቫለንት ክትባት ውስጥ ተካትቶ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል።

ይህ ማለት ዛሬ 20 ዓመት ያለፈው ወጣት፣ ማለትም ክንዱን ለመነቀስ የሚያስበው ወጣት፣ በሕፃንነቱ ይህን ክትባት አላገኘም። እናቱ የክትባት ካርዱን በጥንቃቄ ብታስቀምጥም፣ ልጁ አንዱንም ቀጠሮ ባያሳልፍም፣ አላገኘም። ክትባቱ ገና አልመጣም ነበርና።

ለአዋቂ የሚሰጠው ሦስት ጊዜ ነው፦ ዛሬ፣ ከ1 ወር በኋላ፣ ከመጀመሪያው 6 ወር ሲሞላ። ስለዚህ የሙሉ ክንድ ንቅሳት ዝግጅት የሚጀምረው ከመርፌው ስድስት ወር በፊት ነው። ጥሩ ዲዛይን ለመምረጥም ቢሆን ስድስት ወር ብዙ ጊዜ አይደለም።

ሙሉ ክንድ ለመነቀስ ለምታስቡ

1. መጀመሪያ ተመርመሩ። የሄፓታይተስ ቢ፣ የሄፓታይተስ ሲና የኤችአይቪ ምርመራ አድርጉ። ሄፓታይተስ ቢ ከሌለባችሁ ክትባቱን ጀምሩ። የቴታነስ ክትባታችሁንም አስታውሱ።

2. ጠባሳችሁን እዩ። ጥቁር ቆዳ ኬሎይድ የሚባለውን፣ ከቁስሉ ድንበር አልፎ የሚያድግ ወፍራም ጠባሳ የማውጣት ዝንባሌው ከፍ ያለ ነው። ክንዳችሁ ላይ ያለውን የቢሲጂ ክትባት ጠባሳ ወይም ጆሯችሁ የተበሳበትን ቦታ ዳስሱ። አብጦ፣ ጠንክሮ፣ የሚያሳክክ ከሆነ ወይም በቤተሰብ ካለ፣ ክንድ ሙሉ መነቀስ ክንድ ሙሉ ኬሎይድ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ምክሬ ግልጽ ነው፦ ይቅርባችሁ።

3. ልባችሁን አስቡ። በልጅነቱ ከቶንሲል በተነሳ የልብ ቫልቭ ሕመም የተያዘና በየወሩ ፔኒሲሊን የሚወጋ ሰው በአገራችን ብዙ ነው። በቆዳ በኩል ወደ ደም የሚገባ ባክቴሪያ የተጎዳ ቫልቭ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ይህ ገዳይ ነው። ስኳር ያለበት፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ የበሽታ መከላከል አቅምን የሚቀንስ መድኃኒት ላይ ያለ ሰውም ሐኪሙን ሳያማክር አይነቀስ። ነፍሰ ጡር ሴት እስክትወልድ ትቆይ።

4. ክንዱ ላይ ያለውን ነገር ቁጠሩ። በክንድ የሚቀበር የወሊድ መቆጣጠሪያ ያላችሁ ሴቶች ለነቃሹ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ቦታው ላይ አይነቀስ። ማርያም የሳመችው ወይም ሌላ ጥቁር ነጥብ ካለ አይሸፈን፤ ሲለወጥ ማየት አለብን።

5. በትንሹ ጀምሩ። ሙሉ ክንድ በአንድ ቀን አይሠራም፤ ብዙ ቀጠሮ ይፈልጋል፣ በመካከሉም ቆዳው እንዲድን ቢያንስ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይሰጠው። መጀመሪያ አንድ ትንሽ ክፍል አሠርታችሁ ጥቂት ወራት ጠብቁ። አለርጂውም ኬሎይዱም ያኔ ይታወቃል። አለርጂ በብዛት የሚያስነሳው ቀይ ቀለም ነው።

6. ቤቱን መርምሩ፣ አትፈሩ። መርፌው ከታሸገ ፓኬት ፊታችሁ ይከፈት። ቀለሙ ለእናንተ ብቻ በትንሽ ኩባያ ይቀዳ፤ የተረፈው ወደ ጠርሙሱ አይመለስ። መርፌ አዲስ ሆኖ ቀለሙ የጋራ ከሆነ ያው የጋራ መርፌ ነው። ጓንት ይቀየር፤ ስልክ የነካ ጓንት ቁስል አይንካ። የሚደጋገም መሣሪያ ካለ በእንፋሎት ማምከኛ መቀቀሉን ጠይቁ፤ አልኮል መጥረግ ብቻ አይበቃም። ጥያቄያችሁ ካስቆጣው ተነስታችሁ ውጡ።

7. በዕለቱ በልታችሁ፣ ተኝታችሁ፣ አልኮል ሳትጠጡ ሂዱ። ጫት ቅማችሁም አትሂዱ።

8. ከዚያ በኋላ በንጹህ ውሃና ለስላሳ ሳሙና እጠቡ፣ ስስ ቫዝሊን ቀቡ። ቡና፣ ቅቤ፣ ቅጠል አታድርጉበት። ቅርፊቱን አትላጡ። ሐይቃችንንም እስኪድን ድረስ እርሱት፤ የተላጠ ቆዳ ይዞ ሐይቅ መግባት ባክቴሪያን መጋበዝ ነው። ቢልሃርዚያ ግን ደህና ቆዳንም ዘልቆ ይገባል፤ እሱ የማንኛውም ቀን ጥንቃቄ ነው።

ትኩሳት፣ መግል፣ እየሰፋ የሚሄድ እብጠትና ሙቀት፣ በሁለተኛው ሦስተኛው ቀን የሚብስ ሕመም ካለ ወደ ጤና ተቋም ኑ። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ በእጃችሁ ጀርባ ሙቀቱን ፈትሹ። ሌላ ሰው የተነቀሰበት መርፌ እንደነካችሁ ከጠረጠራችሁ ደግሞ ነገ ከነገ ወዲያ አትበሉ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፤ ቶሎ ሲሆን ይሻላል።

እናንተ እናቶችም፣ የቅንድብ ታቱ ንቅሳት ነው። በውበት ሳሎን ስለተሠራ መርፌው ሌላ አይሆንም። ከላይ ያልኩት ሁሉ ለቅንድባችሁም ይሠራል።

«ኋላ ቢያስጠላኝ በጨረር አስጠፋዋለሁ» ለምትሉ፦ ጨረር ብዙ ቀጠሮና ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ጥቁር ቀለም ይሻላል እንጂ ሁሉም ቀለም እሺ አይልም፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ነጭ ጥላ ትቶ ሊያልፍ ይችላል። የምትነቀሱት እንደማይጠፋ አስባችሁ ይሁን።

ለወላጆች

ልጃችሁ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ መልሱ «ቆይ» ነው። እናቶቻችን በሰባት ዓመታቸው ተይዘው የተነቀሱት ንቅሳት ዕድሜ ልክ አብሯቸው ኖሯል፤ አንዳንዶቹ ወደ ከተማ ሲመጡ በሻሽ ይሸፍኑታል፣ አንዳንዶቹ እስኪሞቱ ይኮሩበታል። ሁለቱም ግን ሳይጠየቁ ነው። ልጃችሁ አዋቂ ከሆነ ደግሞ ጩኸት ወደ ርካሽና ወደ ድብቅ ቤት ይገፋዋል። «እምቢ» ካላችሁት ተደብቆ ይሄዳል፤ «መጀመሪያ ተመርመር፣ ተከተብ» ካላችሁት ስድስት ወር ታገኛላችሁ። በስድስት ወር ውስጥ ስንት ነገር ይታሰባል!

ወደዚያ ቀን ልመልሳችሁ። ልጁን ሳዝዘው እናቱንም «እርስዎም ይመርመሩ» አልኳቸው። «እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ?» አሉ፤ ግን እሺ አሉ። የልጁ ውጤት ንጹህ ነበር። የእናቱ ሄፓታይተስ ቢ ግን ተገኘ።

ከዚያች መርፌ ነው ማለት አልችልም። ከእናታቸው በወሊድ፣ በሌላ መርፌ፣ በምላጭ ሊሆን ይችላል፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ማንም አይለየውም። ማለት የምችለው ማንም ነግሯቸው እንደማያውቅ ነው። ጉበታቸው እስካሁን ደህና ነው፤ በክትትል ላይ ናቸው። ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ስለሚተላለፍ ሌሎቹ ልጆቻቸውም እየተመረመሩ ነው። በመንደራቸው አብረዋቸው የተነቀሱት እህታቸውም በስልክ ተነግሯቸዋል።

ልጁ የመጀመሪያውን ክትባት የወሰደው የዚያኑ ዕለት ነው። የቆረጠውን ቀን ሰርዞ ሦስተኛው ክትባት ካለቀ በኋላ አደረገው። እናቱ አሁንም አልፈቀዱም፣ አልከለከሉምም። ሲወጡ ግን ክንዱን ይዘው አየሁት ብዬ ልንገራችሁ። «ከነቀስክ አይቀር መስቀሉን ከላይ አድርገው» ሲሉት ሰማሁ።

እናንተስ ቤት የተነቀሱ እናት ወይም አያት አሉ? አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው፦ «ስንት ልጆች ሆናችሁ ነው የተነቀሳችሁት?» መልሱን ከሰማችሁ በኋላ አብራችኋቸው ለምርመራ ሂዱ። ሊነቀስ የሚያስብ ወጣት ለምታውቁ ደግሞ ይህን አካፍሉት።

ጤና ይብዛላችሁ፤ ከሀዋሳ።